ሰባተኛው ከረጢት

ጥርስ አልነበረኝም። ከዚሁ ልጀምር፣ አለዚያ ኋላ ላይ ትታዘቡኛላችሁ። በ1979 ዓ.ም. ያ ፈተና ሲሰጥ ከላይኛው ድዴ ላይ የተደረደረው ሁሉ አዲስ አበባ አንድ የጥርስ ሐኪም የሠራልኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። ድዴን በሽታ በልቶት ሐኪሙ ጠራርጎ ነቀላቸው። ይህን ከሐኪሙና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለመሥሪያ ቤቴ አክስቴ ሞታብኝ ለቅሶ ልደርስ ነው ብዬ ያጠራቀምኩትን የዓመት ፈቃድ በሙሉ ወሰድኩ። አክስቴ ከሞተች አሥር ዓመት አልፏት ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።

ሴት ጥርሷን ብትደብቅ ምን ይገርማል የምትሉ አትጠፉም። እኔ ለመልኬ አልነበረም፤ መልኬንማ እግዜር ሲፈጥረኝም ብዙ አልተጨነቀበትም። ጥርሴ ሙያዬ ነበር። ደብረ ብርሃን በነበረው የግድብ ጥናት ጣቢያችን የአፈር መርማሪ ነበርኩ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ከተቆፈረው ጉድጓድ ትንሽ አፈር በጣት ጫፍ ታነሣለህ፣ በፊት ጥርሶችህ መካከል ታደርጋለህ፣ ቀስ ብለህ ታፋጨዋለህ። ቅጭጭ ካለህ ደለል አለበት። እንደ ቅቤ ከለሰለሰህ ሸክላ አፈር ነው። ከዚያ ትተፋና ትጉመጠመጣለህ። የአፈር ግድብ ሲሠራ እምብርቱ ሸክላ አፈር መሆን አለበት፤ ሸክላ ውሃ አያሳልፍም። ደለል ከገባበት ውሃው ውስጥ ውስጡን ይበላውና አንድ ቀን ግድቡ ከነሙሉ አካሉ ቁልቁል ይሄዳል።

ላቦራቶሪማ አዲስ አበባ ነበር። ግን ናሙና ልከን መልሱ እስኪመጣ ስድስት ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከረጢቱ ራሱ ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በእኔ ጥርስ ይሠሩ ነበር። «ደመቀች ነክሳዋለች?» ይላሉ። ነክሳዋለች ከተባለ አለቀ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

እዚህ ሙያ ውስጥ የገባሁት ተምሬ መሰላችሁ? ድንቄም! አባቴ ቄስ ነበር፣ አንኮበር ውስጥ ደብር ያገለግላል። ልጅ ሆኜ የቤታችንን ግድግዳ እየፋቅሁ እበላ ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ቤቱን በልታ ልትጨርሰው ነው» እያለች ትገርፈኝ ነበር። በ1957 ጣቢያው ሲከፈት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ሁለት ረዳቶች አንድ ጭብጥ አፈር ይዘው ሸክላ ነው፣ አይደለም፣ እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆንጠር አደረግሁና ነከስኩት። «ደለል አለበት፣ ግን ጥቂት ነው» አልኩ። ሳቁብኝ። ከአምስት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ይላል። ያኔ መሳቁን ተዉት።

ከዚያ ረዳት አደረጉኝ፣ የማታ ትምህርት ገባሁ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ሥልጠና ሄድኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ወንድ መጣ፣ ስንት ወንድ ሄደ። ከሥራ ባለሙያዎቹ መካከል ግን ቀሚስ የለበሰ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ «ይቺ ሴት ባለሙያችን ናት» ብለው ከፊት ያቆሙኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። የክት ነጠላዬን ለብሼ እጠብቃለሁ።

አፊፋን ያልወደድኳት ለዚህ ይሆናል። አፊፋ ዓወል የአልዩ አምባ ልጅ ናት። አባቷ ጨውና ጨርቅ የሚነግድ የቆላ ነጋዴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ ስላልመጣላት ወደ ደጋ ወጣችና በቀን ሠራተኛነት ገባች። ሥራዋ ከረጢት መሸከም ነበር፤ ከጉድጓድ እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ መጋዘን። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ወንዶቹ አንድ ሲይዙ እሷ ሁለት ትይዛለች። ያም ባልከፋ፣ ጥያቄዋ ግን አያልቅም። «እትዬ ደመቀች፣ ይሄ ከላይ ጥቁር ሆኖ ከሥር ለምን ቀላ?» «እትዬ፣ ከዚህኛው ጉድጓድ ለምን ሁለት ከረጢት ወሰድን?» ኧረ ተይኝ እቴ፣ ተሸከሚ! እላታለሁ። እሷ ደግሞ እየተሸከመች ትጠይቃለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነን ኖርን።

በዚያ ዓመት አንድ ቋሚ ቦታ መጣ፦ ረዳት የአፈር መርማሪ፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና አዲስ አበባ። ከጣቢያው ሠራተኞች መካከል ተፈትኖ ያለፈ ይወስደዋል። ዕድሜ ከሃያ አምስት በታች። አፊፋ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ ሰኔ ላይ ሃያ አምስት ትደፍናለች። ይሄ ካመለጣት ከረጢት ተሸክማ ከመኖር ወይም ወደ ቆላ ከመመለስ በቀር ሌላ አልነበራትም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ሌላው ተፈታኝ ገብረ ጻድቅ ነበር። የሰላ ድንጋይ ልጅ፣ አራት ዓመት በእኔ ሥር የሠራ፣ ጨዋ፣ ቃል የማይወጣው። እኔ ሳስል እሱም የሚያስል ዓይነት ልጅ። ቦታው የእሱ ነው ብዬ በልቤ ጨርሼ ነበር።

ፈተናውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከመጋዘናችን አሥር ከረጢት መረጥኩ፤ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ግራ በኩል ካለችው ወንዝ፣ ግድቡ ሊሠራባት ከታቀደው ቦታ የመጡ ናቸው። መልሱን ከራሴ ደብተር ገልብጬ በፖስታ አሸግኩና ለኢንጂነር ወልደተንሣኤ ሰጠሁ። ኢንጂነሩ የጣቢያው ኃላፊ ናቸው፤ ጥንቁቅ ሰው፣ ወረቀት ሳይፈርሙ ሦስት ጊዜ የሚያነቡ። ሦስተኛው የኮሚቴ አባል የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ዘርአ ዳዊት ነበር። አባቱ እንዲህ ያለ ስም አውጥተውለት እሱ ሃይማኖት የኋላ ቀር ነገር ነው እያለ በየስብሰባው ይሰብክ ነበር።

ፈተናው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ዋለ። ረመዷን ነበር። ሞት ይርሳኝ፣ ቀኑን ስወስን አላሰብኩትም። ወይም አስቤው ይሆናል፤ አሁን ሆኜ እርግጠኛ አይደለሁም።

ገብረ ጻድቅ ቀድሞ ገባ። እየነከሰ፣ እየተፋ፣ እየተጉመጠመጠ፣ አሥሩንም ጽፎ በግማሽ ሰዓት ወጣ። ከዚያ አፊፋ ገባች። ተቀመጠች፣ ከመጀመሪያው ከረጢት አፈር አነሣች፣ ጠብታ ውሃ አድርጋ አሸችው፣ እንደ ገመድ አድቦለቦለችው። ጥሩ፣ ይሄን አውቀዋለሁ። ቀጥላ ግን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ አድርጋ ታሻሻለች፣ ታዳምጣለች።

«ምን እያደረገች ነው? ሬዲዮ ነው እንዴ?» አለ ዘርአ ዳዊት።

«አፊፋ፣ ፈተናው በጥርስ ነው» አሉ ኢንጂነሩ።

«ጾመኛ ነኝ ጌታዬ። በጆሮዬ እለየዋለሁ።»

ዘርአ ዳዊት ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው። ሥራ ግን የሕዝብ ነው። ነገ ጉድጓድ ውስጥ ሆነሽ ጾመኛ ነኝ ብትይ ግድቡ ሊጠብቅሽ ነው?»

«ሌላው ሁሉ በጥርስ ነው የሚሠራው» አሉ ኢንጂነሩ፣ ለስለስ አድርገው። «እኔ ደንቡን ካላስከበርኩ ነገ ይጠይቁኛል። ብትነክሽው ይሻልሻል።»

እጇ ላይ ያለውን አፈር አየችው። ከዚያ እጇን ወደ አፏ ማንሣት ጀመረች። አይቻታለሁ፣ ከአገጯ ደርሶ ነበር።

እኔ ደግሞ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ነደደኝ። ለምን እንደነደደኝ እንጃ፣ ብድግ አልኩ። «እኔ የቄስ ልጅ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔም ስፈተን የሕማማት ሐሙስ ነበር! ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ አፌ ውስጥ አፈር አስገብቼ ነክሻለሁ! ስንደፋደፍ ግማሹን ዋጥኩት። ማግስቱን ስቅለት፣ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልፌ መግባት አቅቶኝ ዛፍ ሥር ቆሜ ዋልኩ። ለፋሲካ አልቆረብኩም። ለአባቴ እስኪሞት አልነገርኩትም! ማንም ለእኔ በጆሮሽ አዳምጪ አላለኝም! አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?»

አፊፋ ቀና ብላ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። እጇ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ አፈሩን መልሳ ወደ ጆሮዋ ወሰደችው። አሥሩንም ከረጢት እንዲሁ ጨረሰች።

ፖስታው ተከፈተ። ገብረ ጻድቅ አሥር ከአሥር። አፊፋ ዘጠኝ። የሳተችው ሰባተኛውን ነው፤ የእኔ መልስ ሸክላ ይላል፣ እሷ ደለል ብላለች። ሰው ጆሮውን ይዞ ተቀምጦ ዘጠኝ ማግኘቱ ገርሞኝ ነበር፣ ግን አንዷ ስህተት በቃችኝ።

«ይኸው!» አልኩ። «ጆሮ አሥር አይሞላም።»

«ሰባተኛው ደለል ነው እትዬ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ነኝ የለየሁት!»

«እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩት።»

እንዴ! የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛ በተሸካሚ ልትታረም! ከረጢቱን ጎትቼ ከፈትኩት፣ ቆንጥሬ ነከስኩት። እንደ ቅቤ ለሰለሰ። «ሸክላ!» አልኩና ተፋሁ። በዚያ ብቆም ኖሮ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ባልሆነም። እኔ ግን እሷን ላሳፍር ፈለግሁ። «ደግሞ እንደ እመቤት አፊፋ እናዳምጠው» አልኩና፣ እየቀለድኩ፣ በሁለት ጣቴ ይዤ ከጆሮዬ አስጠግቼ አሸሁት።

ሰማሁት። ትንሽ ነው፣ ግን ጥርት ያለ፤ ሽርር፣ ሽርር ይላል። ሸክላ ድምፅ የለውም። እንደገና አሸሁ። ሽርር አለ።

ገባኝ። ድድ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ደለል አይሰማም። ሻካራ አሸዋ ቢሆን ይሰማኝ ነበር፤ ደቃቁ ግን አምልጦኛል። ጥርሴ ከተነቀለ ከጥቅምት 1978 ወዲህ የነከስኩት ሁሉ ለስልሶኝ ነበር፣ እኔም አፈሩ ጥሩ ነው እያልኩ እጽፍ ነበር። ከረጢቱን መልሼ አስሬ ተቀመጥኩ። «እ?» አሉኝ ኢንጂነሩ። «ምንም» አልኩ። ሰዓታቸውን አይተው፣ ምሳ በልተን ስምንት ሰዓት ላይ ውሳኔውን እንፈርማለን ብለው ተነሡ።

እኔ ምሳ አልበላሁም። መጀመሪያ ገብረ ጻድቅን ፈለግሁት። መጋዘኑ በር ላይ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ባየው ጥርሱ በረዶ ይመስላል።

«ሰባተኛው ከረጢት ሲነከስ ምን አለህ?» አልኩት።

ደነገጠ። «ሸክላ ነው ብያለሁ።»

«ምን አልክ አላልኩህም። ጥርስህ ምን አለህ?»

ቆሎውን ኪሱ ከተተ። «ቅጭጭ ብሎኛል። ግን አፈሩን አውቀዋለሁ፣ ከሦስተኛው ጉድጓድ ነው። እርስዎ ደብተርዎ ላይ ሸክላ ብለው ጽፈዋል።»

«ታዲያ ጥርስህን ለምን አላመንክም?»

«እርስዎ ካሉት እኔ ማን ነኝ?» አለኝ። ምስኪን፣ ሊያስደስተኝ ነው። ለአራት ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ኖሯል። የሚናገር ጥርስ ያለው ልጅ ይዤ ጥርስ የሌላትን እኔን እንዲሰማ አድርጌዋለሁ። አዘንኩ፣ በእሱም በራሴም።

አፊፋ ከጓሮ በኩል ፀሐይ ላይ፣ ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች። ንፋሱ ሻሿን ያወዛውዘዋል። ከንፈሯ ደርቋል። ልትነሣልኝ ስትል ተቀመጪ አልኳትና አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ አጠገቧ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

«በጆሮ መለየት ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ። አልዩ አምባ ገበያ የተፈጨ በርበሬ ሲሸጥ አፈርና አሸዋ የሚቀላቅሉበት አሉ። ሌላ ጊዜ ሰው ቀምሶ ይገዛል። በረመዷን ግን እናቴ አትቀምስም፤ ጆሮዋ ላይ እያሸች ነበር የምትገዛው። ነጋዴዎቹ እናቴ መሪማ ስትመጣ ሲያዩዋት መጥፎውን ከረጢት ከኋላቸው ይደብቁ ነበር።» ፈገግ አለች። «እዚህ ስመጣ ከረጢት ሲያሸክሙኝ፣ ሲደክመኝ እያረፍኩ እሞክረው ነበር። ከዚያ እርስዎ ምን ብለው እንደጻፉ አያለሁ። መጀመሪያ ሁሌም አንድ ነበርን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አልፎ አልፎ መለያየት ጀመርን። ጆሮዬ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነበር።»

ይህን ስትል ወደየት ልግባ! ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ይቺ ልጅ እኔ ስሳሳት እየሰማች፣ ጥፋቱን ጆሮዋ ላይ ጥላዋለች።

«እኔ የምልሽ» አልኳት፣ ወሬ ለማስቀየር። «ብትተፊው ኖሮ ጾምሽ ይፈርስ ነበር? ሼካችሁን ብትጠይቂ ምን ነበር?»

«ጠይቄያቸዋለሁ። ካልዋጥሽው አይፈርስም፣ ብትተዪው ግን ይሻላል አሉኝ።»

«ታዲያ በአላህ! ለምን አልነከስሽም?»

መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ልነክስ ነበር እኮ። እጄን አንሥቼ ነበር። እርስዎ የሕማማቱን ሲናገሩ ፊትዎን አየሁት። ሃያ ዓመት አልፎት፣ ትልቅ ሰው ሆነው፣ የተከበሩ ሆነው፣ አሁንም ዛፍ ሥር የቆሙ ይመስሉ ነበር። እኔ እንዲህ ሆኜ ቦታውን ባገኝ ምን አደርገዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

«ማን ስለ ፊቴ ጠየቀሽ!» አልኳት። ብድግ ብዬ ሄድኩ። እውነቷን ስለሆነ ነው የተቆጣሁት፣ ልማዴ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁ። ቆሜ «ሰባተኛው ከረጢት ያጠራጥራል» አልኩ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «እንሰርዘው» አሉ። «ከሁለቱም ላይ ትውጣ። ዘጠኝ ለዘጠኝ ይሆናሉ።»

«ከዚያስ?»

«እኩል ከሆኑ ደንቡን የተከተለ ይወስዳል። በጥርስ የሠራው እሱ ነው። ዘርአ ዳዊትም እሱን ነው የሚለው።» ድምፃቸውን ቀነሱ። «ወይዘሮ ደመቀች፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ግን ካለእርስዎ ፊርማ የሄደ ከረጢት የለም። አሻጥር የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ለማስፈር ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ግድቡ የሚጀመረው ከክረምት በኋላ ነው፤ ከረጢቶቹን ደግሞ በክረምቱ ረጋ ብለው ሊያዩአቸው ይችላሉ።»

ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ሊያተርፉኝ ነው። ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም ነገር ሊስተካከል ይችላል። ክረምቱን መጋዘን ገብቼ በጆሮዬ አንድ በአንድ አርማለሁ፣ ደብተሩን እቀይራለሁ፣ ግድቡ ይድናል፣ ገብረ ጻድቅ ደግሞ ቦታውን ይዞ ያመሰግነኛል። ማንም አይጎዳም፣ ከአፊፋ በቀር። እውነቱ ካልተነገረ አሥር ከአሥር አይጻፍላትም። አሥር ካልተጻፈላት ደግሞ ሰኔ ይመጣና ሃያ አምስት ዓመቷ ይሞላል።

ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ለራሴ ስንት ምክንያት ደረደርኩ መሰላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ለፍቻለሁ። ጡረታዬ ደርሷል። እሷ ገና ልጅ ናት፣ ሌላ ታገኛለች። ሌላ እንደማታገኝ እያወቅሁ! ከመጥረጊያ ተነሥቼ እዚህ ስደርስ የሴት ቦታ ከየትም ወድቆ እንደማይገኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? አይ እኔ! በራሴ አፈርኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ገባን። ሁለቱም ተፈታኞች ውሳኔ ሊሰሙ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ኢንጂነሩ «ሰባተኛው ጥያቄ በቴክኒክ ምክንያት ተሰርዟል» ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«አልተሰረዘም» አልኩ።

«ወይዘሮ ደመቀች...»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጣቴን አስገብቼ ጥርሴን ከላይኛው ድዴ ላይ አላቀቅሁት። ጠበቅ ብሎ ይዞ ነበርና ጧ አለ። ዞርኩና ጠረጴዛው ላይ፣ የፈተናው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ዘርአ ዳዊት ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ገብረ ጻድቅ በስመአብ አለና አማተበ።

ጥርስ የሌለው ሰው ሲናገር ቃሉ ሁሉ ነፋስ ነው። ቢሆንም ተናገርኩ። «ከጥቅምት 1978 ጀምሮ ጥርስ የለኝም። ደብቄያችሁ ነው። ሰባተኛው ከረጢት ደለል ነው። ገብረ ጻድቅ ጥርሱ ነግሮታል፣ ደብተሬን ፈርቶ ተወው። አፊፋ አሥር ከአሥር አግኝታለች። ከጥቅምት ወዲህ እኔ ያየሁት ሁሉ እንደገና ይታይ። ይህን በቃለ ጉባኤ ጻፉልኝ፣ እፈርማለሁ።»

አፊፋ አለቀሰች። እኔን ለማየት አፍራ ይሁን አዝና፣ ሻሿን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ኢንጂነሩ እስክሪብቶ አነሡና «እውነት ነው ገብረ ጻድቅ?» አሉ። «እውነት ነው» አለ ልጁ። ጎበዝ አልኩት በልቤ። ቦታው ከእጁ እየወጣ እውነቱን ተናገረ።

ዘርአ ዳዊት ማመልከቻ ጽፏል፣ አሻጥር የሚለውን ቃልም አስገብቶበታል። ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች መጥተው ሦስት ቀን ጠየቁኝ። ኢንጂነሩ «ራሷን ያጋለጠችው ራሷ ናት» እያሉ ተከራከሩልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። እስር ቀረልኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ከሙያዬ ወርጄ ጫጫ ወደሚገኝ የእህል መጋዘን በመዝጋቢነት ተዛወርኩ።

ከመሄዴ በፊት ግን ከረጢቶቹ እንደገና ታዩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት። አፊፋ በጆሮዋ፣ ገብረ ጻድቅ በጥርሱ፣ እኔ እየጻፍኩ። ሠላሳ ስምንቱ ደለል ሆነው ተገኙ፤ የግድቡ እምብርት ይሠራባቸዋል ከተባሉት ጉድጓዶች አንዱ በሙሉ ተሰረዘ። አፊፋ በእያንዳንዱ ላይ እኔ ከጻፍኩት ሥር ስትፈርም እጇ ይዘገያል። ፈርሚ አልኳት፣ ስምሽን ሙሉውን ጻፊ።

በመጨረሻው ቀን ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁ። መለመን አልወድም፣ ግን ለመንኩ። «እዚሁ ልቅር» አልኩ። «በጆሮ መለየት እችላለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ከአፊፋ ጋር እሠራለሁ። እሷ ሥልጠና ስትሄድም ሥራው አይቆምም።»

ኢንጂነሩ አዘኑልኝ፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። የእኔን ቦታ ለገብረ ጻድቅ ሰጥተውታል፤ ልጁ ይገባዋል፣ አልቀናሁበትም። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፣ ሊያጽናኑኝ ብለው፣ «አይዞዎት ወይዘሮ ደመቀች» አሉኝ፤ «የለፉበት ከንቱ አልቀረም። አሁን እኮ ሴት ባለሙያ አለችን።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ፣ ጥርሴን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ያልተሰማኝ ውርደት ያን ጊዜ ተሰማኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ቤት የያዝኩት የሴት ወንበር አንድ ብቻ ኖሯል፤ እኔ ካልተነሣሁ ሌላ ሴት የማትቀመጥበት።

«ወንድ ባለሙያስ ስንት አላችሁ?» አልኳቸው።

ቆጥረው አያውቁም ነበር።